ፊት ለፊት ሲነገር ያስቃል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። አክስትና የእህት ልጅ ናቸው። አክስቲቱ በደርግ ዘመን በመተማ በኩል ሱዳን ወጥታ ከካርቱም አሜሪካ የገባች፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት፤ ቤተሰቡ ሁሉ እቴቴ ይላታል። ሚሚ በዲቪ የመጣች ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች።

ሚሚ፦ እቴቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ የሚሰበሰቡት ጓደኞችሽ ሲስቁ ሊፍቱ ጋ ይሰማል። እኔ ደግሞ ከሥራ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ያገሬ ሰው ሲሰዳደብ ነው የማገኘው። ከተማው አንድ፣ ሀገሩ አንድ። እናንተ ምን አግኝታችሁ ነው የምትስቁት?

እቴቴ፦ ምን እናገኛለን ብለሽ! ባል፣ ልጅ፣ መንግሥት፣ ቄስ፣ ዶላር።

ሚሚ፦ ስልኬ ላይም እኮ የሚነሳው ያው ነው። እዚያ ግን ሰው ደም ሥሩ ተገታትሮ ነው የሚናገረው።

እቴቴ፦ እኛ ቀልድ የለመድነው በፍርሃት ዘመን ነው፣ ልጄ። በቀይ ሽብር ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ሬሳ እናያለን፤ ማታ ሰዓት እላፊ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አያምንም። አያትሽ ለስኳር የቀበሌ ሱቅ ትሰለፍ ነበር፤ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ሰልፉ ላይ አንዷ ስለ ባሏ ታወራለች። ‹‹የኔ ባልማ ቃል ሲገባ ማን ይችለዋል! መሶቡን ስከፍተው ግን ባዶ ነው›› ትላለች። ሰልፉ በሙሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። የቀበሌው ሊቀ መንበርም አጠገባቸው ቆሞ ይስቃል። የታማው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ማወቁን ደግሞ ሴቶቹ ያውቃሉ። ግን ምን ብሎ ያስራታል? ባሏን ነው ያማችው።

ሚሚ፦ ታዲያ ያ ሳቅ ምን ጠቀማቸው? ስኳር አላመጣላቸውም።

እቴቴ፦ ስኳርማ አላመጣም። ግን በዚያ ዘመን አጠገብሽ ያለውን ሰው መጠርጠር ራሱን የቻለ በሽታ ነበር። አብራሽ የሳቀችውን ሴት ቢያንስ ለዚያች ቀን ታምኛታለሽ። አያትሽ ከሰልፉ ስትመለስ ባዶ እጇንም ብትሆን ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር። ይህን በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ ማንም አያስተባብለኝም።

ሚሚ፦ አለቃ ገብረ ሃናም እንደዚያው ነበሩ መሰለኝ፤ የሚፈራውን ሰው በቀልድ መንገር።

እቴቴ፦ አለቃማ! ከተክሌ አቋቋም ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሳ ሊቅ ናቸው፤ ሕዝቡ ግን በየቤቱ የያዘላቸው ቀልዳቸውን ነው። እርግጥ ሰው ራሱ የፈጠረውንም ሁሉ ለሳቸው ሰጥቷል። ቢሆንም በሚወራላቸው ቀልድ ሁሉ የሚቀለድበት ሰው እዚያው ተቀምጧል፤ መኳንንት ይሁን፣ ቄስ ይሁን፣ የገዛ ሚስታቸው ትሁን። መልስ ይመለስላቸዋል፤ አንዳንዴም እሳቸው ይረታሉ። ስልክሽ ላይ ግን የሚሰደበው ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም። ፊቱ ሲለወጥ አታዪም፤ ቡና አትቀጂለትም፤ ነገ ሠርግ ላይ አታገኚውም።

ሚሚ፦ እኔ ግን አንዳንዴ ነፃነቱ ነው ያበላሸን እላለሁ። እዚያ የሚያስር ነበር፣ እዚህ ማንም የለም።

እቴቴ፦ እንዲህ አትበይ! እስር ቤት ስንቅ አመላልሶ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚናገር። አሜሪካ እንደገባሁ ኋይት ሀውስ ፊት ለፊት ሠልፍ ወጥተን፣ ፖሊሱ ‹‹በዚህ በኩል እለፉ›› ብሎ መንገድ ሲያሳየን እንባዬ ወርዷል። መለዮ የለበሰ ሰው መንገድ ሲያሳየኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ያን በምንም አልለውጠውም። ነፃነቱን አልነቅፍም፤ ርቀቱን ነው የምነቅፈው።

ሚሚ፦ ካፌስ? ካፌ ውስጥ እኮ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት። ያም ሆኖ ጠረጴዛ ይደበድባሉ።

እቴቴ፦ ካፌማ ተከፋፈለ! ድሮ አዳምስ ሞርገን 18ኛው መንገድ ላይ ጥቂት ምግብ ቤቶች ብቻ ነበሩን። የደርግ ሹም የነበረውም ኢሕአፓ የነበረውም ሌላ መሄጃ ስለሌለው እዚያው ይገናኛል። ተያይተው ይኮራረፋሉ። ያን ጊዜ ጤፍ እንደ ልብ አይገኝም፤ እንጀራው የሚጋገረው በፓንኬክ ዱቄትና በሶዳ ውኃ ነው። ሁለቱ ጠላቶች የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር የቀረበላቸው እንጀራ፣ እንጀራ አለመሆኑ ነበር። እሱን እያሙ አንድ ትሪ ላይ እጃቸው ይገናኛል። በኋላ ዌይን ካርልሰን የሚባል፣ ኢትዮጵያ የኖረ አሜሪካዊ አይዳሆ ላይ ጤፍ ዘራና እንጀራው እንጀራ ሆነ። እኛም ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው መንገድ ዞርን፤ ኪራዩ ሲወደድ ገሚሳችን ወደዚህ፣ ገሚሳችን ማዶ ወደ አሌክሳንድሪያ ተበተንን። ቤቱ ሲበዛ ሁሉም የራሱን ሰው መረጠ። ከ1997 ምርጫ በኋላ የቅንጅት ደጋፊ የሚጠጣበትን ቤትና የመንግሥት ደጋፊ የሚጠጣበትን ቤት ከነወንበሩ ታውቂው ነበር። አሁን ደግሞ በብሔር ሆነ።

ሚሚ፦ ቤተ ክርስቲያኑም እኮ እንደዚያው ነበር አሉ።

እቴቴ፦ ሦስት ነበራ! በስደት ያለው ሲኖዶስ፣ የሀገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ ገለልተኛ። ክርስትና ስትጠሪ መጀመሪያ የምትጠይቂው ‹‹የማን ነው?›› ብለሽ ነው፤ ሕፃኑን አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያኑን ነው። በ2010 ሐምሌ እዚሁ ዋሽንግተን ላይ ሲታረቁ፣ የስደቱ ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ጊዜ የሆንነውን አልነግርሽም። ያን ሰሞን ጠቅላይ ሚኒስትሩም መጥተው ኮንቬንሽን ሴንተሩ ሞልቶ ነበር። ግንቡ ይፍረስ፣ ድልድይ ይገንባ ይባል ነበር። አይነጋገሩም የተባሉ ሰዎች ተቃቅፈው ሲሳሳቁ አይቻለሁ። ዛሬ ስለዚያ ሳምንት ሰው ማውራት ያፍራል፤ እኔ አላፍርም። ደስታው እውነት ነበር።

ሚሚ፦ ወንዶቹ ግን ለምንድነው እንዲህ የሚቆጡት? የኔ የሥራ ባልደረባ ባል ሙሉ ሌሊት ዩቲዩብ ላይ ሲጨቃጨቅ አድሮ ጠዋት ሥራ ይገባል።

እቴቴ፦ እሱን ልንገርሽ፤ ብዙ አስቤበታለሁ። ሀገር ቤት መምሪያ ኃላፊ የነበረ፣ ሻለቃ የነበረ፣ አስተማሪ የነበረ ሰው እዚህ መጥቶ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ይቆርጣል። ሥራው ክቡር ነው፤ ልጆቹን በእሱ አሳድጓል፣ ዩኒቨርሲቲ አስገብቷል። ግን በዚያ ሥራ ላይ ማንም ‹‹አንተ ምን ይመስልሃል?›› ብሎ አይጠይቀውም። ካፌ ሲገባ ይጠየቃል። ካፌ ውስጥ አሁንም ሻለቃ ነው። እኛ ሴቶች ቶሎ ሥራ አገኘን። ሽማግሌ ማጠብ፣ ሕፃን መያዝ፣ በሽተኛ ማገላበጥ ከሀገራችን ይዘነው የመጣነው ሙያ ነው። ቀኑን ሙሉ ስማችንን የሚጠራ ሰው አለ። ስለዚህ ቁጣው የት እንደሚነሳ ይገባኛል፤ ወንዶቹንም አልንቃቸውም። ወጥ ቤት ገብተው የማያውቁት እነዚሁ ሰዎች ሚስቶቻቸው ማታ ሽፍት ሲገቡ የልጆቻቸውን ፀጉር ሹሩባ መሥራት ተምረዋል። አንዱ ያገራችን ሰው የሴት ልጁን ፀጉር ሲሠራ በቪዲዮ አይታው እናቱ ከደብረ ብርሃን ‹‹ልጄን ምን አደረጋችሁት?›› ብላ አለቀሰች። ልጁ የመለሰላት ምን ብሎ መሰለሽ? ‹‹እማዬ፣ አታልቅሺ፤ እዚህ ሰፈር ውስጥ ከኔ በላይ ቁንጮ የሚያሳምር የለም!››

ሚሚ፦ (እየሳቀች) እዚህ ቤት ግን ፖለቲካ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

እቴቴ፦ ይነሳል እንጂ! ሕግ ስላለው ነው የማትሰሚው። ፖለቲካ ያነሳ ሰው ቡናውን ይወቅጣል። እየወቀጠ ይናገር፤ ማንም አይከለክለውም። ሙቀጫው ሲጮህ ግን ራሱንም አይሰማውም፤ ዘነዘናውን አቁሞ መጠበቅ አለበት፤ ሲያቆም ደግሞ ‹‹ቡናው አልደቀቀም›› እንለዋለን። እስኪደቅ ድረስ ሊናገር የነበረውን መልሶ ያስበዋል። ባለፈው በሁለት ሰዎች መሀል የወደብ ነገር ተነሳና ዘነዘናውን እየተቀባበሉ የሁለት ሳምንት ቡና ወቀጡልኝ። ሲጨርሱ አልተስማሙም፤ ግን ሁለቱም እጃቸው ዝሎ ስኒውን በሁለት እጅ ነው የያዙት። ያን ጊዜ የተሳቀው ሳቅ ነው እንግዲህ ሊፍቱ ጋ የሚሰማሽ።

ሚሚ፦ የአሜሪካኑስ ፖለቲካ? እሱም ያስወቅጣል?

እቴቴ፦ እሱ አያስወቅጥም፤ እሱ ያሠራል። ዜግነት ከወሰድኩ ጀምሮ አንድም ምርጫ አላመለጠኝም። እ.ኤ.አ. በ2004 ዲሲ ባወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆነ። እናት ልጇን ይዛ ለማስተርጎም ስትሄድ የነበረው ቀረ፤ የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን በሽታ ለሐኪም መንገር አልነበረበትም። በፈረንጁ 2008 ደግሞ ከንቲባው አድሪያን ፌንቲ የታክሲውን የዞን ዋጋ አንስቶ ሜትር ሲያስገባ ነጂዎቻችን ከሌሎቹ ጋር አድማ መቱ። ሜትሩን አላስቀሩትም። ያን ሰሞን ግን ‹‹የየትኛው ድርጅት ነህ?›› ብሎ የጠየቀ ሐበሻ አልነበረም፤ ሁሉም የታክሲ ሰው ነበር።

ሚሚ፦ በፈረንጁ 2021 የቨርጂኒያ ምርጫ ጊዜስ? ባይደን በሰሜኑ ጦርነት ላይ በያዘው አቋም ተናደው ስንቶቹ ለሪፐብሊካኑ ዕጩ ለያንግኪን ቀሰቀሱ።

እቴቴ፦ መብታቸው ነው። መምረጣቸውን አከብራለሁ። ቢሆንም የቨርጂኒያ አስተዳዳሪ የሚያስተዳድረው መንገድና ትምህርት ቤት ነው፤ መቀሌንና ደሴን አይደለም። ያን ሰሞን አንዷ ጓደኛችን በር እያንኳኳች ስትቀሰቅስ አንድ ፈረንጅ ‹‹ስለ ትምህርት ቤቶቻችን ምን ታስቢያለሽ?›› ብሎ ጠየቃት። የኢትዮጵያን ታሪክ ከአክሱም ጀመረችለት። ሰውየው ወንበር አውጥቶ ሰማት። ላሊበላ ላይ ሲደርሱ መሸ። እዚህ መጥታ ስትነግረን እኛ መሬት ላይ ወደቅን፤ ‹‹ታዲያ መረጠላችሁ?›› አልናት። ‹‹አላውቅም፤ ገና ጎንደር አልደረስንም›› አለች።

ሚሚ፦ የልጆቹን ነገር ንገሪኝ። የጓደኛሽን፣ የትምህርት ቤቱን።

እቴቴ፦ ይህን ስንቴ ነው የምትሰሚው? እሺ። ባል በአባቱ ስም ይጠራል፤ ሚስት በአባቷ ስም፤ ልጆቹ በአባታቸው ስም። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የቤተሰብ ስም ማለት ነው። ጓደኛዬ ልጆቿን ልታስመዘግብ ትሄዳለች። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየች፣ ደግማ አየች። ‹‹የእነዚህ ልጆች እናት አንቺ ነሽ?›› አዎ። ‹‹ይህ ሰውዬስ?›› አባታቸው ነው። ‹‹ስማቸው ግን የሁለታችሁንም አይመስልም።›› የሱ ስም ነው፤ የመጀመሪያው። ‹‹እሱ የያዘውስ የማን ነው?›› የአባቱ። ‹‹አንቺስ?›› የአባቴ። ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ‹‹ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ማን ከማን ጋር ነው የተጋባው?›› በመጨረሻ ጓደኛዬ ወረቀት ተቀብላ የዘር ሐረጉን እስከ ቅድመ አያት ሣለችላት። ሴትየዋ ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ ሐበሻ በመጣ ቁጥር ያንን እያወጣች ታያለች አሉ።

ሚሚ፦ የልደቱም ነገር አለ እኮ።

እቴቴ፦ እሱማ! ከሱዳን በስደተኛነት ከመጣነው ስንቶቻችን ጃንዋሪ 1 የተወለድን መሰለሽ? የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ሰው ሲመጣ ቅጹን የሚሞላው ሰው ጃንዋሪ 1 ይልለታል። ስለዚህ ልጆቻችን በፈረንጅ አዲስ ዓመት አንድ ትልቅ ኬክ ያመጡና የሁላችንንም ስም ይጽፉበታል፤ ቦታ ሲጠብ በፊደል ያሳጥሩታል። ዘመኑን ሳያዛውሩ በኛው አቆጣጠር የጻፉም አሉ። በኛ 1950 የተወለደ በነሱ 1957 ወይ 1958 ነው፤ 1950 ብሎ ከጻፈ መንግሥት ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቶታል ማለት ነው። አንዱ ባለንጀራችን ገና ጉልበቱ ሳይደክም የጡረታ ወረቀት መጣለት። ሚስቱ ግን በትክክል ነበር የጻፈችው። ‹‹እሱ ቤት ተቀምጦ እኔ ሥራ! ያገባሁት እኩያዬን ነበር፤ አሜሪካ ሽማግሌ አደረገብኝ›› እያለች ታስቀናለች። ግን ምሳውን እሱ ነው የሚሠራላት፣ ጥሩ አድርጎ።

ሚሚ፦ እኔ ደግሞ የምስቀው የብሩ ምንዛሪ ለገበያ የተለቀቀ ጊዜ በደወሉት ነው። በ2016 ሐምሌ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ሀገር ቤት ያሉት ሁሉ ‹‹እንኳን ደስ አላችሁ!›› አሉን። እኔ ምን አገኘሁ? ኪራዬ በዶላር ነው።

እቴቴ፦ አንቺ ያው ነሽ፤ የምትልኪው ግን በብር በዛ። ዘይቱና መድኃኒቱ አብሮ ባይወደድ ኖሮ ደስ ባላቸው ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚደውለውን ወንድሜን ‹‹እዚህ ሌሊት ነው›› ስለው ‹‹እዚህ እኮ ቀን ነው›› ይለኛል፣ የኔ ሰዓት የተሳሳተ ይመስል። እሱንም እወደዋለሁ። የሚደውልለት ሰው የሌለው እሱ ይዘን።

ሚሚ፦ እሺ፣ በዚህ ሁሉ እስቃለሁ። አሁን ግን እውነቱን ልንገርሽ። በጦርነቱ መሳቅ አልችልም። አንቺ ቀልድ ሰውን ያገናኛል ትያለሽ። የመቀሌዋን ጓደኛዬን ታውቂያታለሽ፤ እዚህ እንደመጣሁ ሥራ ያስገባችኝ፣ መኪና መንዳት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ስልክ ተቋርጦ እናቷን ለወራት አላገኘቻቸውም። እኔ ደግሞ በ2014 ጥቅምት ደሴ ሲያዝ አክስቶቼ በእግር ሲወጡ ነበር፤ የት እንዳደሩ የሰማነው ከቀናት በኋላ ነው። እኔ ምንም አልጻፍኩባት፣ እሷም ምንም አልጻፈችብኝ። ዝም ብለን ነው የተቋረጥነው። በ2015 ጥቅምት ፕሪቶሪያ ላይ የተዋጉት ሰዎች ተፈራርመው ተጨባበጡ። ያልተዋጋነው እኔና እሷ እስካሁን አልተነጋገርንም። በዚህ ላይ ምን ዓይነት ቀልድ ነው የሚቀለደው?

እቴቴ፦ በሞተ ሰው አይቀለድም። በተራበ አይቀለድም፣ በተደፈረች ሴት አይቀለድም። በዚህ ከኔ የምትለዪ አይምሰልሽ። ስልክ ላይ በዚህ የሚቀልድ ሰው ሲገኝ ሰው አልለውም።

ሚሚ፦ ታዲያ?

እቴቴ፦ ታዲያ ለቅሶ ቤት አታውቂም? እዚህ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። በስልክ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ሰውየው ሥራ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና ሳይነጋ በሩን ያንኳኳል። ስለዚህ ሐበሻ ሳይደውል በጠዋት ደጅ ላይ ከተሰበሰበ ነገሩ ይታወቃል። አንዲት ጓደኛዬን ልጆቿ የልደት ግብዣ በድንገት እናድርግላት ብለው ጓደኞቿን በጠዋት ሰብስበው ሄዱባት። በሩን ከፈተች፣ ያን ሁሉ ሰው አየች፣ እዚያው ተዝለፍልፋ ወደቀች። ውኃ ረጭተው አስነሷት፤ ኬኩን አሳዩዋት። ሻማው እየነደደ ‹‹ግዴለም፣ እችለዋለሁ፣ ማነው የሞተው?›› ትላለች። እስከ ማታ አላመነቻቸውም።

ሚሚ፦ (ሳቋን እየታገለች) እሷን አውቃታለሁ።

እቴቴ፦ ታዲያ እውነተኛው ለቅሶ ሲሆንም እኮ ይሳቃል። የመጀመሪያው ቀን ጩኸት ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ ወንዶቹ ካርታ ያወጣሉ፤ ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ጋደም ይላሉ። አንዱ ‹‹እማማ እኮ እንዲህ ይሉ ነበር›› ይላል። ልጅቱ ራሷ ትቀጥልበታለች። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ መልሶ ይለቀሳል። ግን ልብ በይ፣ ማንም ከሐዘንተኛዋ ቀድሞ አይቀልድም። እሷ ከጀመረች ነው ሌላው የሚከተል። ይህን ማንም አልጻፈውም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ስልክ ላይ የጠፋው ይኸው ነው። ያልሞተበት ቀድሞ ይቀልዳል።

ሚሚ፦ በጦርነቱ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሄደሻል? ማለቴ፣ የነሱ ቤት?

እቴቴ፦ ሄጃለሁ። ሥራ ቦታ ለዓመታት አብራኝ ሌሊት ያደረች የአድዋ ሴት ነበረች። ወንድሟ መሞቱን የሰማችው ከሞተ ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ስልክ አልነበረማ። ‹‹አንቺ እዚያ ቤት አትሄጂም›› ያሉኝ ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራልሽም። ሽሮ ሠርቼ ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። በር የከፈተልኝ ወጣት ፊቱ ጠቆረብኝ። ገባሁና ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አላናገረኝም፤ ማንም ውጪ አላለኝም። ድስቱን ጉልበቴ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ። እሷ ከመኝታ ቤት ወጣች፤ ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። አየችኝ፣ ድስቱንም አየች። ‹‹ምንድነው ይዘሽ የመጣሽው?›› አለችኝ። ሽሮ አልኳት። ‹‹ወንድሜ እኮ እዚህ ሊጠይቀኝ የመጣ ጊዜ ያንቺን ሽሮ ቀምሶ ነው ‹አገሬ ይሻለኛል› ብሎ የተመለሰው!›› አለች።

ሚሚ፦ በስመ አብ!

እቴቴ፦ ቤቱ ጭጭ አለ። እሷ ራሷ ቀድማ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ተቃቅፈን ያለቀስነውን አልነግርሽም። ያ ወጣት መጥቶ ድስቱን ከጉልበቴ ላይ ተቀበለኝ። ያን ቀን ስለ ማንም መንግሥት አላወራንም፤ ስለ ወንድሟ ብቻ ነው ያወራነው፣ ልጅ እያለ ስለ ሠራው ጥፋት ሁሉ። ፖለቲካችን አልተለወጠም። እሷም በያዘችው ናት፣ እኔም በያዝኩት ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከግራዬ የምትቀመጠዋ እሷ ናት።

ሚሚ፦ እሷ ናት እንዴ? በጣም የምትስቀዋ?

እቴቴ፦ እሷ ናት። ቡና በመውቀጥም የሚደርስባት የለም።

ሚሚ፦ እኔ ግን አሁን ብደውል ምን እላታለሁ? ዓመታት አለፉ። ‹‹እንዴት ነሽ›› ብቻውን ያንሳል። ስለ ጦርነቱ ባነሳ ደግሞ የት እንደሚያደርሰን አላውቅም።

እቴቴ፦ ስለ እናቷ ጠይቂያት። እናቷ ምን እንደበሉ፣ እንዴት እንደከረሙ፣ ማን እንዳስታመማቸው። ዝም ብለሽ ስሚ፤ ‹‹እኛም እኮ›› አትበያት። እሷ ስለ አክስቶችሽ እስክትጠይቅሽ ጠብቂ፤ ትጠይቅሻለች። ካልጠየቀችሽም ለሌላ ቀን ይቆይ። ቀልዱን እንዳትጀምሪው፤ እሷ ትጀምረዋለች። የዱሮዋ ጓደኛሽ ከሆነች ያን መኪና መንዳት ያስተማረችሽን ነገር ሳታነሳ አታድርም።

ሚሚ፦ አጥሩን የገጨሁትን ማለትሽ ነው?

እቴቴ፦ እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናንተ ናችሁ የምታውቁት። ቅዳሜ ትምጣ በያት።

ሚሚ፦ ቅዳሜ ትሠራለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትወጣው።

እቴቴ፦ በሐበሻ ነው በፈረንጅ?

ሚሚ፦ በሐበሻ።

እቴቴ፦ እንግዲያው አሥር ሰዓት ላይ ትድረስ፣ ቡናው ያን ጊዜ ነው የሚቆላ። መኪናዋን ከሕንፃው ጀርባ ታቁም በያት፤ ፊት ለፊት ካቆመች ይጎትቱባታል። በይ ደውዪ፣ እኔ ውኃ ልጣድ።